የሐምሌ ሥላሴ ስለት

ክለቡ ከመውረድ ከተረፈ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ የገንዳ ውሃ ደጋፊዎች ግን ጨዋታውን ገና አልጨረሱትም።

ከሥራ መልስ ስሜነህ ኳስ ቤት ይሰበሰባሉ። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፤ ይከፈት የሚልም የለም። የሚጫወቱት በአፋቸው ነው። ክለባቸው አንገረብ ከነማ በፕሪሚየር ሊጉ ለመቆየት የመጨረሻውን ጨዋታ ሐዋሳ ሜዳ ላይ ቢያንስ አቻ መውጣት ነበረበት። እስከ ሰማንያ አራተኛው ደቂቃ አንድ ለባዶ ተመራ። በሰማንያ አምስተኛው ከማዕዘን የተሻማች ኳስ የተከላካይ ትከሻ ነክታ ገባች። የሆነው ይኸው ነው። እነሱ ግን ከሞት አፋፍ የተመለሰ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው ያንኑ ነገር እየመላለሱ ያነሱታል።

"ያዳነን ይህ ማልያ ነው" አለ ስሜነህ ደረቱን እየነካ። "ከፋሲካ ወዲህ ውሃ አላየም።"

"እሱማ ይሸታል" አለ የባጃጅ ሾፌሩ ዓሊ። "በረኛቸው ሐዋሳ ድረስ ሸቶት ነው የደነዘዘው። ያዳንኳችሁ እኔ ነኝ። ወላሂ፣ ዘንድሮ ያየሁትን ጨዋታ ሁሉ ተሸንፈናል። ስለዚህ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሜ ዘጠና ደቂቃ ግድግዳ አየሁ።"

"ግድግዳው ምን አለህ?"

"ምን ይላል፤ እሱም ጎል እስኪገባ ትንፋሹን ይዞ ነበር።"

ቤቱ ሳቀ። የዓለምወርቅም ሳቀች። ከፊተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ነበረች፤ አራት ዓመት ሙሉ የተቀመጠችበት ቦታ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ አስተማሪ ናት፤ ኳስ ቤቱን ዘወትር የምትደፍር ሴት እሷ ብቻ ናት። መጀመሪያ ሰሞን አይተዋት ያፍሩ ነበር፤ ኋላ "ቲቸር" እያሉ ቦታ ይይዙላት ጀመር። አሁን እየሳቀች በዓይኗ ጥግ የምታየው ግን ከወንበሩ ጫፍ የተቀመጠውን ሰው ነው። ደምለው አልሳቀም። ጥፍሩ ውስጥ የቀረ ግሪስ በክብሪት እንጨት እያወጣ ነበር።

ደምለው የትራክተር ኦፕሬተር ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከጎጃም ለአረም ሥራ ወርዶ እዚያው ቀረ። ዘሩ ሲጀመር እርሻው ላይ ይከርማል፤ ስልክ በማይሠራበት በዚያ ሜዳ ሆኖ ናፍጣ በሚያመላልሱ ሰዎች እጅ ደብዳቤ ይልክላታል። ከተዋደዱ ሁለት ዓመታቸው ነው። ኳስ ቤቱ ያውቃል፤ አያወራም።

ሳቁ በመጨረሻ ወደ እሱ ዞረ፤ መዞሩ አይቀርም ነበር።

"የእናንተስ ቀልድ ነው" አሉ ጋሽ ባህሩ፣ የደጋፊ ማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ዝግ ባለ ድምፃቸው። "ያዳነንስ የዚህ ልጅ ስለት ነው።"

ሁሉም አይተውታል። በሰማንያ ሦስተኛው ደቂቃ ደምለው አግዳሚው ወንበር ላይ ወጥቶ "ለሥላሴ ተስያለሁ" ብሎ ነበር። "ዘንድሮ ከተረፍን የክለቡን ባንዲራ ተሸክሜ በሐምሌ ሥላሴ ጎንደር በእግሬ እገባለሁ።" ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። የዓለምወርቅም አጨበጨበች። መዳፏ እስኪቀላ አጨበጨበች። ጎል ይገባል ብላ አላሰበችም ነበር።

"ሐምሌ ሰባት ቅርብ ናት" አሉ ጋሽ ባህሩ።

"አውቃለሁ ጋሼ።"

"መንገዱስ?" አለ አንዱ ከኋላ።

ከገንዳ ውሃ ጎንደር ለብርቱ እግረኛ አምስት ቀን ነው። ከወራት ወዲህ ግን መኪና እንኳ በእጀባ ካልሆነ አይወጣም፤ እጀባ የማይኖርበት ሳምንትም አለ። በግንቦት ወር ሁለት የከተማው ሰዎች ከመኪና ወርደው ታግተው ተወስደዋል። አንደኛው ብቻ ተመልሷል።

"መንገዱን ሥላሴ ያውቃል" አሉ ሽማግሌው። ፈገግ ብለዋል። "ስለት የቀረ እንደሆነ ግን ዕዳው ክለቡ ላይ ነው የሚወድቅ። በሚመጣው ዓመት ብንወርድ ማንን እንጠይቃለን?"

እንደገና ሳቁ። የዓለምወርቅ ቀልዱ የቱ ጋ እንደሆነ ፈለገች፤ አጣችው። ሰዎቹ ደምለውን የሚያዩት ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ የቆመ ተጫዋች እንደሚታይ ነበር፤ በፍቅርና ያለ ርኅራኄ። ከጎኗ የነበረው ሙቀት ሁሉ ከዚያ ቤት ወጥቶ የሄደ መሰላት።

*

በማግስቱ ከሰዓት የፈተና ወረቀት አርማ ስትጨርስ ደምለው ወደሚሠራበት ጋራዥ ሄደች። ከተማው ዳር ነው፤ ከመዝነቡ በፊት የሚጠገኑ ትራክተሮች ተደርድረውበታል። ደምለው ከማረሻው ዲስክ ሥር በጀርባው ተኝቶ ነበር። ጫማዋን አይቶ ወጣ፤ ፊቱ ሲበራ አየችው።

"ሰማሽ? የአባትሽ ልብ ተመለሰ።"

"ማን አለህ?"

"የላክኳቸው ሽማግሌዎች። ትናንት ለሦስተኛ ጊዜ ሄደው ነበር። በፊት 'የማን ልጅ ነው፣ አገሩስ የት ነው' ብለው ነበር የሸኟቸው። አሁን ግን አስቀመጧቸው፤ ጠላም ቀረበ። 'ስለት ያለበት ሰው ትዳር አይመሠርትም፤ ስለቱን አድርሶ ይምጣ፣ ከዚያ እንነጋገራለን' አሉ። እንነጋገራለን ነው ያሉት ዓለሜ።"

ሰማዩ በሱዳን በኩል ጠቁሯል፤ ነፋስ ግን የለም። የዓለምወርቅ እጇን የትራክተሩ ጎማ ላይ አሳረፈች። ትኩስ ነበር፤ እሷን ግን በረዳት።

"የንስሐ አባትህን አናግራቸው" አለች። "ስለት ይለወጣል። ጧፍ ይሁን፣ ጥላ ይሁን፣ ምንጣፍ…"

"አናገርኳቸው።"

"እና?"

"ይለወጣል አሉ። 'ለጊዜው ጥላ አስገባ፤ አገር ሰላም ሲሆን ትሄዳለህ' አሉኝ።"

"ታዲያ ምን ቀረህ?"

እጁን በጨርቅ ጠረገ። ቀስ ብሎ፣ ጣት በጣት።

"ቄሱ ይፈቱኛል። ኳስ ቤቱ አይፈታኝም።"

"ኳስ ቤቱ ቤተ ክርስቲያን ነው?"

"አይደለም። ግን ስሜን የሰጠኝ እሱ ነው። ስመጣ 'ጎጃሜው' ነበርኩ። ጎጃሜው ና፣ ጎጃሜው ጫን፣ ጎጃሜው ውረድ። ያን ዓመት ክለቡ ወደ ሊጉ ሲገባ አብሬ አለቀስኩ፤ በማግስቱ ስሜነህ 'ደምለው ና ተቀመጥ' አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ብቀር በማግስቱ ጎጃሜው እሆናለሁ። አባትሽም ያንኑ ነው የሚጠብቁት።"

"እኔስ? እኔ በምን ስም ነው የምጠራህ?"

አያት። ስስት ነበር በዓይኑ፤ ለመሳም አንድ እርምጃ የቀረው ሰው ይመስል ነበር። ከንፈሩ ግን ሌላ ነገር ተናገረ።

"ያን ዕለት ያጨበጨብሽው ለማን ነበር?"

ሊወቅሳት ብሎ አልነበረም፤ የምሩን ነው የጠየቃት። ብትቆጣ ደስ ባላት፤ የምትቆጣበት ግን አልነበራትም። እስከ ቤቷ ድረስ መዳፎቿን የት እንደምታደርጋቸው አጥታ ሄደች።

*

አባቷ አቶ ዳኛው መጋዘናቸው ደጃፍ ላይ ነበሩ። ሰሊጥ የጫኑ ሁለት አይሱዙዎች ሸራ ለብሰው ቆመዋል፤ ከቆሙ ስድስት ቀናቸው ነው። አባቷ ከአንዱ ጆንያ እፍኝ ሰሊጥ ይዘው በጣታቸው ያመላልሱታል። ሲያስቡ እንዲህ ያደርጋሉ።

"አባባ፣ መኪኖቹ ዛሬም አልሄዱም?"

"እጀባ የለ። መንገዱ አልተመቸም ይላሉ።"

"ያለ እጀባ አይልኳቸውም?"

"አብጃለሁ?"

"ደምለውን ግን ላኩት።"

ሰሊጡ በጣታቸው መካከል እየፈሰሰ ወደ ጆንያው ተመለሰ። አንድም ፍሬ ውጭ አልወደቀም።

"እኔ አልላክሁትም። የተሳልሁትም እኔ አይደለሁ። ጎረምሳ ለኳስ ብሎ አፉን ከፈተ፤ የከፈተውን ይዝጋ። ለሥላሴ የገባውን ቃል ያልጠበቀ ላንቺ የገባውን ይጠብቃል? አባት ሆኜ ብጠይቅ ነውር ነው?"

"ነውር አይደለም። ለዚያ ነው የሚያስፈራኝ።"

አላዩዋትም።

"አንድ ቃል ብቻ ነው የምለምንዎት" አለች። "'መንገዱ ይቅር' ይበሉ። እርስዎ 'ጥላ ያስገባ፣ ይበቃል' ካሉ ከተማው አፉን ይይዛል። ጋሽ ባህሩም ከእርስዎ ቃል አይወጡም።"

አቶ ዳኛው እጃቸውን አራገፉ። ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ በቁጣ ያለ ሰው ይበርዳል፣ በርዶ ይሰማል። እሳቸው ግን ሚዛን ላይ የተቀመጠ ነገር እንደሚያነቡ ሆነው በዝግታ "አልልም" አሉ። "አሥራ ሁለት ሰው አብሮት ይሄዳል አሉ። ልጅ አይደለም።"

ከዚያ ለሾፌሮቹ ሸራውን ጠበቅ አድርገው እንዲያስሩ ነገሯቸው፤ ዝናብ ይመጣል ብለው። የዓለምወርቅ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷን አክብራ ኖራለች፤ አንዳንዴም አኩርፋቸዋለች። ስትፈራቸው ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

*

ሐምሌ አንድ ወደ ማታ ኳስ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ባንዲራው ከረጅም ቀርከሃ ጋር ተሰፍቷል። ስሜነህ ዕቅዱን ተናገረ። አሥራ ሁለት ደጋፊ፣ ሁሉም በማልያ፣ ከደምለው ጋር እስከ ነጋዴ ባሕር ከተማ ይሄዳል። ከዚያ የአይከል ደጋፊዎች ተቀብለው ያሻግሩታል።

"አሥራ ሁለት ሰው ሆነን ማን ይነካናል?" አለ። "ገና ከሩቁ ሠርግ ነው የምንመስል።"

"ሙሽራዋ የታለች?" አለ አንዱ፤ ሳቁ።

የዓለምወርቅ ተነሣች። ንግግሯን ሌሊቱን ሙሉ አስባበታለች፤ ስትቆም ግን አጭር ሆነ።

"ይኸው አለሁ። እኔም እሄዳለሁ።"

ሳቁ ወዲያው አልቆመም፤ ከፊት ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደ።

"ቲቸር፣ ተይ እንጂ" አለ ስሜነህ። "መንገዱኮ…"

"መንገዱ ምን?"

ስሜነህ ወደ ጋሽ ባህሩ አየ፤ ጋሽ ባህሩ ወደ ባንዲራው።

"ጨርስልኝ። መንገዱ ምንድን ነው? ለእሱ የሆነ መንገድ ለእኔም ይሆናል። ስለቱን ሲሳል ሁላችን አጨብጭበናል፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። የተረፈው ክለብ የኔም ነው።"

"ኸላስ፣ በቃ" አለ ዓሊ ለራሱ። "ይኼ ነገር ጨዋታነቱ ቀረ።"

ደምለው ከወንበሩ ጫፍ ተነሣ።

"አትሄጂም።"

"ካልሄድክ አልሄድም።"

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተያዩ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ሲተያዩ በስርቆሽ ነበር፤ ጎል ሲገባ፣ ሰው ሁሉ ሲዘል፣ ለአንድ አፍታ። አሁን ማንም አልዘለለም። ዓይኑን ሳይነቅል ለረጅም ጊዜ አያት፤ ከዚያም ፈገግ አለ። እንደ ተሸነፈ ሰው፣ በእርጋታ።

ስብሰባው ምንም ሳይቆርጥ ተበተነ። ለማንኛውም ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት አውቶቡስ መናኸሪያው ጋ እንገናኝ ተባባሉ። የዓለምወርቅ ግን ያበቃለት ነገር አድርጋ ወሰደችው። እሷን ይዞ አይሄድም፤ ትቷት ለመሄድ ደግሞ አሥራ ሁለት ሰው ፊት ማለፍ አለበት። በዚያ ሌሊት ዝናብ ጣለ። ከብዙ ቀን በኋላ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ጥልቅ፣ እንደ ሕፃን እንቅልፍ። ኋላ ይቅር ልትለው ያልቻለችው ያንን እንቅልፍ ነው።

*

ጠዋት መናኸሪያው ማልያ በለበሱ ሰዎች ተሞልቷል። አንድ ከበሮ አለ፤ ዝናቡ ቆዳውን አርጥቦት ድምፁ ወድቋል። ዋልካው ጭቃ ከጫማ ሥር አልላቀቅ ይላል። የዓለምወርቅ ትንሽ ቦርሳ ይዛ መጣች፤ ውስጡ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። እንደማትሄድ ታውቅ ነበር።

አሥራ ሁለት ተኩል ሆነ። ደምለው የለም።

"አሁን ይመጣል" አለ ስሜነህ። "ማርሹ ነው ያልገባለት።"

ስልኩን ደወሉ፤ አይሠራም። አንድ ሰዓት ሲሆን በባጃጆቹ መካከል አንዲት ሴት መጡ፤ ደምለው ግቢያቸው ውስጥ የሚከራይባቸው እትዬ አሰፋች ናቸው። ቀሚሳቸውን ከጭቃው ከፍ አድርገው ቀጥታ ወደ የዓለምወርቅ ሄዱ። በእጃቸው የታጠፈ የደብተር ወረቀት ነበር።

"ዶሮ ሳይጮህ ነው የወጣ" አሉ። "ባንዲራውን ጠቅልሎታል፤ ጫማውን በእጁ ይዟል። ምነው ልጄ አልሁት። 'ሰው እንዳልቀሰቅስ ነው' አለኝ። ይህን ለቲቸር ስጡልኝ አለ። ነግቶ ይሁን ብሎ አስማለኝ፤ ምን ላድርግ።"

ወረቀቱን ከፈተችው።

"ዓለሜ፣

ማታ ፈገግ ያልኩት ስላሸነፍሽኝ ነው። አንቺን ያን መንገድ አላስረግጥሽም። ልቅር ብል ደግሞ አባትሽ ደጅ የምቆምበት እግር የለኝም። ስለዚህ ማንም ሳይነሣ እወጣለሁ። ልጆቹን ልቀሰቅሳቸው አስቤ ነበር፤ አሥራ ሁለት ሰው ከተነሣ ግን ከተማው ይነሣል፣ አንቺም ትነሻለሽ። ብቻዬን ይሻላል። ብቻውን የሚሄድ ሰው ምን አለው ብለው ያልፉኛል። የሥላሴ ማግስት ሽማግሌዎቹን ላኪያቸው፤ እኔን አትጠብቂ፣ መንገድ ላይ እሆናለሁ። ተቆጪኝ፤ ግን ስመለስ። ደምለው።"

አንድ ጊዜ አነበበችው። ሁለተኛ ጊዜ ስታነብ ዓይኗ ከአንድ ቦታ አላልፍ አለ፤ ልጆቹን ልቀሰቅሳቸው አስቤ ነበር። ልትከለክለው ብላ የቆመችው ትናንት ማታ ነው። የከለከለችው መንገዱን ሳይሆን አሥራ ሁለቱን ሰው ነው።

"ምን ይላል?" አለ ስሜነህ።

"ብቻውን ነው" አለች።

"እንዴት ብቻውን?"

"ብቻውን ነው የሄደው። ብቻውን ያስኬድኩት እኔ ነኝ።"

የአባቷ ፒክአፕ ጭቃ እየረጨ መናኸሪያው ውስጥ ገባ። አቶ ዳኛው ሳያጠፉት ወረዱ። ልጃቸውን ሲያዩ ትከሻቸው ወረደ፤ እሷን ሊያስቀሩ ነበር የመጡት።

"እግዜር ይመስገን አልሄዳችሁም። ሾፌሮቹ ደውለው ነበር። ዛሬ እጀባው ቀርቷል፤ ሌሊቱን አንድ ነገር ሆኗል፣ ከኬላው ወዲያ ማንም አያልፍም ተብሏል።" ዙሪያውን አዩ። "እሱስ የታለ?"

ወረቀቱን ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አልያዙም፤ ወረቀቱን ከፊታቸው አርቀው አነበቡ። እስከ መጨረሻው ሲደርሱ ወረቀቱን በእጥፋቱ መልሰው አጠፉት።

"አሥራ ሁለት ሰው አብሮት ይሄዳል ብለውኝ ነበር" አሉ።

ለማን እንደ ተናገሩ አልታወቀም። ማልያ የለበሱት ወጣቶች ጭቃውን ያያሉ። ሁሉም በሌላው ተማምኖ ነበር፤ አባቷ በአሥራ ሁለቱ፣ አሥራ ሁለቱ በሥላሴ፣ እሷ ደግሞ በብልሃቷ።

"እስካሁን ርቋል" አለ ስሜነህ በመጨረሻ። "በዶሮ ጩኸት ከወጣማ ማን ይደርስበታል።"

የዓለምወርቅ ቀና አለች። በድምፁ ውስጥ ሐዘን ነበር፤ ከሐዘኑ ሥር ግን ሌላ ነገር ሰማች። እፎይታ ነበር። መሄድ ያልነበረባቸው ሰዎች እፎይታ። እሷም ከማንም በፊት ያንኑ እፎይታ ቀምሳ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተኝታበት ነበር። ስለዚህ ልትሰድባቸው አልቻለችም።

ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠችና ወደ አስፋልቱ ወጣች።

"የት ነው?" አሉ አባቷ።

"ጭቃ ነው። ባንዲራውም ይከብዳል። ይዘገይ ይሆናል።"

"ኬላው ዝግ ነው እያልኩሽ!"

"እሱን ካሳለፉት በኋላ ይሆናል የዘጉት።"

"የዓለምወርቅ" አሉ፤ እንደ ትእዛዝ ጀምረው እንደ ልመና ጨረሱት። እንዲህ ጠርተዋት አያውቁም። ልቧ ዞረ፤ እግሯ አልዞረም። መንገዱ ባዶ ነው። እንደ ወትሮው የሚጮኽ መኪና፣ የሚነዳ ከብት አልነበረም። ከተማው ጫፍ ያሉት ሱቆች ግማሹን ከፍተው፣ ወጪ ወራጅ የሌለበትን አስፋልት ያያሉ።

ከኋላዋ በጭቃ የከበደ የእግር ድምፅ ሰማች። አባቷ ይሁኑ፣ ዓሊ ይሁን፣ ኳስ ቤቱ በሙሉ ይሁን ማወቅ አልቻለችም። ዞራ ልታይ ፈለገች፤ አንድ ሰው ብቻ ቢሆንስ ብላ ፈራችና ፊቷን ወደ ጎንደር እንዳደረገች ሄደች።